ካፕሱል፣ እርጎ ወይስ ንፍሮ? ለአንጀት ባክቴሪያ ገንዘባችሁን የቱ ላይ ታውላላችሁ

ፕሮባዮቲክ የሚባለው፣ ሕያው ተሕዋስያን የያዘ ካፕሱል ዛሬ የትም አለ። ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ አለ። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥም አይጠፋም። ቲክቶክ ላይ ደግሞ «አንጀታችሁን ካላጸዳችሁ ምንም አይድንላችሁም» የሚል ሰው በየቀኑ ብቅ ይላል። ለአንጀታችን ባክቴሪያዎች አንድ ነገር እናድርግ ካልን ግን ገንዘቡና ድካሙ የት ላይ ቢውል ይሻላል?

ያሉት አማራጮች በጥቅሉ አራት ናቸው። ካፕሱል መዋጥ፣ እርጎና መሰል የተብላላ ምግብ መመገብ፣ ፋይበር የበዛበት ምግብ መብላት፣ ወይም ሰገራን ላብራቶሪ ልኮ በውጤቱ መመራት። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው የሚሻለው ከገዛ ገበታው የጎደለውን መሙላት ነው። ካፕሱሉ የተወሰነ ጊዜና የተወሰነ ሥራ አለው። የሰገራ ምርመራው ደግሞ ለጊዜው ይቅርባችሁ።

ለመሆኑ ምን ይሠሩልናል?

በ2016 የወጣ ስሌት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አንድ ሰው 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ እንደሚሸከም ይገምታል። የራሳችን ሴሎች 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። «ባክቴሪያዎች ከሴሎቻችን 10 እጥፍ ይበልጣሉ» የሚለው የድሮ አባባል ተጋኖ የቆየ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ቢመዘኑ 200 ግራም ገደማ ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው።

ዋና ሥራቸው እኛ መፍጨት ያቃተንን መፍጨት ነው። ፋይበር፣ በአማርኛ አሰር የምንለው፣ ጨጓራንና ትንሹን አንጀት አልፎ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ባክቴሪያዎቹ ይቀራመቱትና ቡቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ከደም ከሚመጣላቸው ስኳር ይልቅ በዋናነት የሚኖሩት በዚህ በቡቲሬት ነው። ግድግዳው ሲጠነክር ወደ ደም መግባት የሌለበት ነገር አይገባም። በሽታ የመከላከል አቅማችንም ያለ ምክንያት አይቆጣም። አንጀት ለቀረው ሰውነት ይተርፋል የሚባለው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ አልፎ ለስኳር፣ ለውፍረት፣ ለድብርት የሚነገረው ብዙው ገና ዝምድና እንጂ መንስኤ ሆኖ አልተረጋገጠም። ከፊሉ ደግሞ አይጥ ላይ የታየ ነው። ለምሳሌ 90 በመቶ የሚሆነው ሴሮቶኒን አንጀት ውስጥ ይመረታል ይባላል። እውነት ነው። ግን ያ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አይሻገርም። «ይህን ካፕሱል ዋጡ፣ ደስተኛ ትሆናላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

ፋይበር፦ ርካሹና ብዙ የሚሠራው

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር እንዲያገኝ ይመክራል። ይህ ለአበሻ ገበታ ከባድ አይደለም። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ድፍን ምስር ብቻውን 15 ግራም ገደማ አለው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ሽንብራ 12 ግራም ገደማ።

ድፍን ያልኩት በምክንያት ነው። ቤታችን የሚሠራው ምስር ወጥ ብዙ ጊዜ የቀዩ ክክ ነው፤ ሽፋኑ ተገፏል። ከሽፋኑ ጋር ከፋይበሩ ደህና ድርሻ ይሄዳል። ሽሮም ጥራጥሬው ተቆልቶና ተከክቶ ስለሚፈጭ እንደዚያው ነው። መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም፤ አሁንም ከነጭ ዳቦ በብዙ ይሻላሉ። ፋይበር ፈልጋችሁ ከሆነ ግን በሳምንት ጥቂት ቀን ድፍን ምስር ወይም ባቄላ ቀቅሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ንፍሮ ነው። ስንዴው፣ ሽንብራው፣ ባቄላው ከነሽፋኑ ነው የሚበላው። ከተማ ውስጥ ንፍሮ የለቅሶ ቤት ምግብ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ጤፍ ላይ ደግሞ አንድ የምሥራች አለ። ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ሽፋኑን ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ማኛውም ቀዩም ከነሽፋኑ ነው የሚፈጨው። ነጭ ጤፍ እንደ ነጭ የስንዴ ዱቄት የተጣራ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው እንጀራው ጤፍ ካልሆነ ነው። በሩዝ የተቀላቀለ አለ። ውጭ አገር ደግሞ በሰልፍ ራይዚንግ የስንዴ ዱቄት የሚጋገረው ብዙ ነው። መልኩ እንጀራ ነው፤ ፋይበሩ ግን ወደ ዳቦው ይጠጋል።

በሶና ቆሎም አይረሱ። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር አለው፤ ባክቴሪያዎች ይወዱታል፣ ኮሌስትሮልም በመጠኑ ይቀንሳል። ተልባ ጥሩ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 2 ግራም ገደማ ፋይበር አለው። ግን አጣርታችሁ ውኃውን ብቻ ከጠጣችሁ አብዛኛውን ወንፊቱ ላይ ጥላችሁታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ኢኑሊን የተባለ ፋይበርም የእነዚሁ ባክቴሪያዎች ምግብ ነው። ቁሌታችን ላይ ደግሞ ሽንኩርት አይጠፋም።

ፋይበር በእርግጥ ለውጥ ያመጣል ወይ? በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎች ፒትስበርግ ከተማ የሚኖሩ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ የገጠር ነዋሪዎችን ለሁለት ሳምንት ምግብ አቀያየሯቸው። አሜሪካውያኑ በቀን ከ14 ግራም ፋይበር ወደ 55 ወጡ። አፍሪካውያኑ ከ66 ወደ 12 ወረዱ፤ ሥጋና ስብ በዛባቸው። በሁለት ሳምንት ብቻ የአሜሪካውያኑ ቡቲሬት ከእጥፍ በላይ አደገ፤ የአፍሪካውያኑ በግማሽ ቀነሰ። ከአንጀት ካንሰር ስጋት ጋር የተያያዙ ምልክቶችም በዚያው ልክ ተገለባበጡ።

ውጭ ለምትኖሩ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስብ አለ። በ2018 ሚኔሶታ ውስጥ የሞንግና የካረን ስደተኞች ላይ ጥናት ተሠርቶ ነበር። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ሕዝቦች ናቸው። ከ500 በላይ ሰው ተሳትፏል። አሜሪካ በገቡ በወራት ውስጥ የአንጀታቸው ባክቴሪያ መልክ መለወጥ ጀመረ። የዕፅዋት ፋይበር የሚፈጩት ፕሬቮቴላ የተባሉት እየሳሱ ባክቴሮይድስ ቦታቸውን ያዙ። ዓመት ሲቆጠር ባሰ፤ ልጆቻቸው ላይ ደግሞ ይበልጥ ባሰ። ጥናቱ የኛ ሰው ላይ አልተሠራም። ሆኖም ከጥራጥሬና ከጤፍ ተነስቶ ወደ ፒዛና ወደ በርገር የገባ ሰው በዚያው መንገድ ላይ አይደለም ለማለት ይከብዳል።

የፋይበር ጣጣው ጋዝ ነው። ከርሞ ነጭ ዳቦ የበላ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ሳህን ባቄላ ቢበላ ሆዱ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ሰው ፊትም ያሳፍራል። መፍትሔው ቀስ ማለት ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ፣ ጥራጥሬውን ከዋዜማው ዘፍዝፉ፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ድፉ። ውኃ መጠጣትም አትርሱ፤ ያለ ውኃ ፋይበር መጨመር የሆድ ድርቀት ያመጣል።

እርጎና ዘመዶቹ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «እኔ እንጀራ ስለምበላ ፕሮባዮቲክ አልቸገርም» ይባላል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ በርግጥ ሕያው ነው፤ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ሞልተውበታል። ምጣድ ላይ ሲጋገር ግን ይሞታሉ። እንጀራ ከመብላላቱ የሚያተርፈው ሌላ ነው፤ ብረትና ዚንክ አላስገባ የሚለው ፋይቴት ይቀንሳል። ቆጮም ከጉድጓድ ሲወጣ ሕያው ቢሆን እሳት ያየዋል። አይብም ያው ነው፤ አሬራው ሙቀት ነክቶት ነው አይብ የሚሆነው። ስለዚህ የበሰለውን የተብላላ ምግብ ከሕያው አትቁጠሩት።

ሕያው ሆኖ አፍ የሚደርሰው እርጎ ነው። ያልበሰለ አሬራ፣ በቤት የተብላላ ዳጣ፣ ስልጆም እንዲሁ። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ፣ ቀዝቅዞ ሰናፍጭ ከገባበት በኋላ ነው የሚብላላው፤ ከዚያ ሳይበስል ይበላል። ጿሚ ሆኖ እርጎ ለማይነካ ሰው ከስልጆ የተሻለ የሀገር ቤት አማራጭ አላውቅም። ጠላና ጠጅም ሕያው ናቸው፤ አልኮሉን ግን ለአንጀቴ ብዬ ነው የጠጣሁት ማለት አያዋጣም።

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ያሳተመው ጥናት የተብላላ ምግብን ከፋይበር ጋር ፊት ለፊት አጋጥሟል። 36 ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ተከፍለው 10 ሳምንት በሉ። አንዱ ቡድን ፋይበር አበዛ። ሌላው እርጎ፣ ኬፊር (የተብላላ ወተት)፣ ኪምቺ (የኮሪያ የተብላላ ጎመን) እና ኮምቡቻ (የተብላላ ሻይ)። የተብላላ የበሉት የባክቴሪያ ዓይነታቸው በዛ፤ ደማቸው ውስጥ 19 የሰውነት መቆጣት ምልክት የሆኑ ፕሮቲኖች ቀነሱ። የፋይበሩ ቡድን በአማካይ የባክቴሪያ ዓይነት አልጨመረም፤ ውጤቱም ከሰው ሰው ተለያየ፤ ቀድሞ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የነበራቸው ተሻላቸው።

ይህ ፋይበርን ይጥለዋል? አይመስለኝም። ጥናቱ ትንሽ ነው። የተብላላ የበሉትም በቀን ስድስት ጊዜ ያህል ነው የበሉት፤ ቁርስ ላይ አንድ ማንኪያ እርጎ ማለት አይደለም። እኔ የማነበው እንዲህ ነው። ፋይበር የሚፈጩት ባክቴሪያዎች ከሳሱ ፋይበሩ ብቻውን ቶሎ አይሠራም፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይሻላል። አገር ቤት ገበታ ላይ ፋይበሩ አለ፤ የሚጎድለው ሕያዉ ነው። ውጭ ደግሞ ሱፐርማርኬቱ እርጎ ሞልቶታል፤ የሚጎድለው ጥራጥሬው ነው።

እርጎ ስትገዙ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው ሕያው ባክቴሪያ አለው ወይ የሚለው ነው። ከረጋ በኋላ እንደገና የተሞቀ እርጎ አለ፤ ከፍሪጅ ውጭ ወራት የሚቆይ ከሆነ ጠርጥሩት። ሁለተኛው ስኳሩ ነው። ፍራፍሬ ተስሎበት የሚሸጠው ብዙው ጣፋጭ ምግብ ነው። ወተት ሆዳቸውን የሚያውካቸው ሰዎችም እርጎ ይሻላቸዋል፤ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ስለ እርጎ ባክቴሪያ የተቀበለው አባባል ይሄ ነው፣ የወተትን ስኳር ለመፍጨት ያግዛል የሚለው።

ከወተት ሻጭ ቤት በጥሬው መጥቶ በወይራ በታጠነ ቅል የረጋ እርጎ ጣዕሙ ሌላ ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ያስተላልፋል። መርጋቱ እነዚህን በእርግጠኝነት አይገድላቸውም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አቅሙ የደከመ ሰው ቤት ካለ ፈጽሞ አይሞከርም። ሁለቱንም ማትረፍ ይቻላል። ወተቱን አፍሉት። ጣት ሲነከርበት ሞቅ እስኪል፣ 43 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ይቀዝቅዝ። ከሱቅ የተገዛ ሕያው እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሩበት። ከድኖ በጋቢ ጠቅልሎ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ረግቶ ይገኛል። ዕቃውን በወይራ ማጠን ከፈለጋችሁ ማን ከለከላችሁ።

ለጾም የሚሆን ቀላል ነገር ካስፈለገ ጥቅል ጎመን ነው። አንድ ኪሎ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ 20 ግራም ጨው፣ ውኃ እስኪያወጣ ማሸት፣ ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቆ በራሱ ውኃ መሸፈን። ከሳምንት በኋላ ይኮመጥጣል። በአቼቶ የተዘፈዘፈው የሱቁ ግን መብላላት የሚባል ነገር አላየም።

ካፕሱሉስ?

ካፕሱል የሚሸጠው «ለአንጀት ጤና» በሚል ሰፊ ስም ነው። ማስረጃው ግን ጠባብ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2020 መመሪያ አውጥቶ ለአብዛኛው የሆድ ችግር ፕሮባዮቲክ የሚያስመክር በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ሊጠቅም ይችላል ካላቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ አንቲባዮቲክ ለሚወስዱ ሰዎች ነው።

እዚያ ላይ ቁጥሩ ጥሩ ነው። በ2019 የወጣ የኮክሬን ግምገማ ከ6,000 በላይ ሕፃናት የተሳተፉባቸውን 33 ጥናቶች አይቷል። አንቲባዮቲክ ከወሰዱት ውስጥ ተቅማጥ የያዛቸው ፕሮባዮቲክ ከጨመሩት 8 በመቶ፣ ካልጨመሩት 19 በመቶ ናቸው። ስለዚህ አሞክሳሲሊን በወሰዳችሁ ቁጥር ሆዳችሁ የሚፈታ ከሆነ ካፕሱል ትርጉም አለው። ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ የሚል ካገኛችሁ እርሾ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይገድለውም። ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ ባክቴሪያ ስለሆነ ከአንቲባዮቲኩ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ይሻላል።

ግን አንድ መዘዝ አለ። በ2018 የእስራኤሉ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ለጤነኛ ሰዎች ለአንድ ሳምንት ሲፕሮና ሜትሮ የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች ሰጧቸው፤ እኛ ፋርማሲ ሮጠን የምንገዛቸው እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ከዚያ ከፊሎቹን ፕሮባዮቲክ አስዋጧቸው፤ ከፊሎቹን እንዲሁ ተዉአቸው። የተተዉት በሦስት ሳምንት ገደማ ባክቴሪያቸው ወደ ቀድሞው ተጠጋ። ካፕሱል የወሰዱት ወራት ዘገየባቸው። እንግዳው ቦታውን ስለያዘ ባለቤቱ ቶሎ መመለስ አልቻለም። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ቢሆንም ከተቅማጥ ለመዳን ጥቂት ቀን መውሰድና «አንጀቴን ልጠግን» ብሎ ወራት መዋጥ አንድ እንዳልሆነ ያሳያል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ የባክቴሪያው ስም እስከ ዝርያው ድረስ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። «ላክቶባሲለስ» ብቻ ካለ ምን እንደገዛችሁ አታውቁም። የተጻፈው ብዛት እስከ ማብቂያ ቀኑ የሚዘልቅ ነው ወይስ ሲመረት የነበረው? ፍሪጅ ይፈልጋል ከተባለ በሻንጣ ሁለት ቀን ሲጓዝ ምን እንደሚሆን መገመት ነው። የ20 ዓይነት ባክቴሪያ ድብልቅ ከአንድ የተጠና ዝርያ አይሻልም፤ ዋጋው ብቻ ነው የሚበልጠው።

ለሁሉም ሰው ደህና አይደለም። በሽታ የመከላከል አቅማቸው በጣም የደከመ፣ ደም ሥራቸው ላይ ቋሚ ቱቦ ያለባቸው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ያለ ሐኪም አይሰጣቸው። ባክቴሪያው ወደ ደም ሊገባ ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2023 ስለ እነዚህ ሕፃናት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

የሰገራ ምርመራ ኪት

ይህ በተለይ ውጭ ላላችሁ ነው። ሰገራ በትንሽ ዕቃ ትልካላችሁ፤ በቀለም ያሸበረቀ ሪፖርት ይመጣላችኋል። «ይህ ባክቴሪያ አነሰባችሁ» ይላል፤ ቀጥሎ የሚሸጥላችሁን ካፕሱል ያሳያል። ጤነኛ አንጀት ይህን ያህል ይህ፣ ይህን ያህል ያ ይኑረው የሚል የተስማሙበት ልክ ግን የለም። በዚህ ሥራ የታወቀው ዩባዮም የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ በ2019 ቢሮው በኤፍቢአይ ተፈትሾ በዚያው ዓመት ከሥራ ወጣ። ሐኪም ስለ ጥገኛ ተሕዋስ ወይም ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ የሚያዘው የሰገራ ምርመራ ሌላ ነው፤ እሱ የተወሰነ ጥያቄ ይመልሳል።

ማን የቱን ይምረጥ

ጥራጥሬ በብዛት የምትበሉ፣ በተለይ ጿሚዎች፣ ፋይበሩ ስላላችሁ ሕያው የሆነውን ጨምሩ፤ በጾም ስልጆ ወይም የተብላላ ጎመን፣ ከጾም ውጭ እርጎ። ከቤት ወጥ ርቃችሁ በሳንድዊች የምትኖሩ በቆርቆሮ የታሸገ ሽንብራም ቢሆን ከምንም ይሻላል፤ አጥባችሁ ሰላጣ ላይ ጣሉት።

ሽንኩርትና ጥራጥሬ በልታችሁ ሁልጊዜ የምትታመሙ፣ ሐኪም አይቢኤስ (IBS) የሚባለው የአንጀት ችግር አለባችሁ ያላችሁ፣ ከላይ ያልኩትን ፋይበር በጅምላ አትውሰዱት። ለእናንተ አውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ፎድማፕ የሚባል አመጋገብ አለ፤ የሚያውኩትን ለጊዜው አስወግዶ አንድ በአንድ መመለስ ነው። ከባለሙያ ጋር ቢሆን ይሻላል።

አራስ ቤት ያላችሁ፣ የእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው፣ ቢፊዶባክቴሪያ ለሚባሉት የአንጀት ባክቴሪያዎች ብቻ የተዘጋጀ የሚመስል ስኳር አለ። እስከ ስድስት ወር ሌላ ነገር አያስፈልገውም፤ ቅቤ ማላሱም ይቅር።

ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ስለ ባክቴሪያ ማሰቡን ተዉት። ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ቅድሚያ አላቸው። ሰገራ ላይ ደም ካለ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የሆድ ሕመም ካለ፣ ወይም ዕድሜያችሁ ከ45 በላይ ሆኖ የሰገራችሁ ሁኔታ በቅርቡ ከተለወጠ፣ እርጎውም ካፕሱሉም ይቆይና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።